ድሬዳዋና ጋምቤላ በአንድ ሰዓት

ኢትዮጵያ ከ33ኛው እስከ 48ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ የምትዘረጋ አገር መሆኗን ማንኛውም ተማሪ ገና በታችኛው ክፍል ሳለ በቃሉ ያጠናዋል። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት 15 ዲግሪ ነው። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፣ 15 ዲግሪ ማለት አንድ ሰዓት ማለት ነው። እንግዲህ ፀሐይ በኦጋዴን ምሥራቃዊ ጫፍ ብቅ ካለችበት ጊዜ አንሥቶ፣ ባሮ ከፒቦር ጋር በሚቀላቀልበት በምዕራቡ ጠረፍ እስክትታይ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ያልፋል። ኬንትሮስን መለካትና መንደፍ ሙያቸው ለሆነ ለዚህ ማኅበር አባላት ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም በካርታ ጠርዝ ላይ የምንጽፋቸው ዲግሪዎች በሰው አኗኗርና በከተማ ጠባይ ላይ ምን ያህል እንደሚሠሩ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ከተሞችን በማነጻጸር ነገሩን ለመመልከት ታስቧል።

ከተሞቹ ድሬዳዋና ጋምቤላ ናቸው። ድሬዳዋ በ41 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ገደማ፣ ጋምቤላ በ34 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ገደማ ላይ ይገኛሉ። በቀጥታ መስመር ቢለካ በመካከላቸው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። የኬንትሮሳቸው ልዩነት ከ7 ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ወደ ሰዓት ሲመነዘር 29 ደቂቃ ይሆናል። በኬክሮስ ግን አንደኛዋ በ9 ዲግሪ ተኩል፣ ሁለተኛዋ በ8 ዲግሪ ከሩብ አካባቢ ስለሆኑ የቀናቸው ርዝመት ብዙም አይለያይም። ሁለቱም ሙቀት የሚበረታባቸው፣ ሁለቱም ከደጋው ግርጌ የተቀመጡ፣ ሁለቱም የአገር በር የሆኑ ከተሞች ናቸው። አንዷ የምሥራቁ በር ነች፤ ሌላይቱ የምዕራቡ።

የአገራችን ሕጋዊ ሰዓት ከግሪኒች ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድመው የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት የተመሠረተው በ45ኛው ዲግሪ ላይ ነው። ነገር ግን 45ኛው ዲግሪ የአገሪቱ መካከል አይደለም፤ መካከሉ 40 ዲግሪ ተኩል ነው። የ45ቱ መስመር የሚያልፈው በሩቅ ምሥራቅ፣ በዋርዴር አጠገብ ነው። ስለዚህ ቀን 6 ሰዓት ሲሞላ ፀሐይ በእርግጥ አናት ላይ የምትሆንላቸው፣ የዓመቱን አማካይ ስንወስድ፣ የዋርዴር ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የድሬዳዋ ሰው 12 ደቂቃ ተኩል፣ የአዲስ አበባ ሰው 25 ደቂቃ፣ የጋምቤላ ሰው ደግሞ 42 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይኖርበታል። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓትን ከንጋት የምንቆጥር ሕዝብ በመሆናችን፣ የባዕድ አገር ሰው በአቆጣጠራችን ሲደነቅ፣ «የእኛ ሰዓት ከፀሐይ ጋር የሚሄድ ነው» ብለን እንመልሳለን። መልሱ መልካም ነው። ብቻ ለዋርዴር እጅግ እውነት፣ ለድሬዳዋ ለእውነት የቀረበ፣ ለጋምቤላ ግን ብዙ የጎደለው እውነት ነው።

ሁለቱን ከተሞች ከሁሉ ይልቅ የሚያቀራርባቸው የተወለዱበት ዘመን ነው። በ1894 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። በዚሁ ውል አራተኛ አንቀጽ መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከኢታንግ አጠገብ፣ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ የቆዳ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን አስተዳደር በኪራይ ተፈቀደ። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው ከኢታንግ ወደ ላይ ከፍ ብሎ በጋምቤላ ነው። ውሉ በተፈረመ በሰባት ወሩ፣ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ለሙሴ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. የተሰጠው የባቡር ፈቃድ መጀመሪያ ያሰበው ሐረርን ነበር። ይሁን እንጂ ገደሉን መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ ሐዲዱ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ በሜዳው ቀረ፤ በዚያም አዲስ ሐረር የተባለች፣ ኋላም በድሬዳዋ ስሟ የጸናች ከተማ ተቆረቆረች። እንግዲህ በአንድ ንጉሠ ነገሥት ዘመን፣ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ በምሥራቅ ባቡር፣ በምዕራብ መርከብ ሁለት ከተሞችን ወለዱ። ከዚህ በኋላ ግን የሁለቱ የጊዜ አያያዝ ተለያየ፤ የጠባያቸውም ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ባቡር በገባበት አገር ሁሉ ሰዓት ተለውጧል። ቀድሞ በአውሮጳም ሆነ በአሜሪካ እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ፀሐይ ይተዳደር ነበር። ይህን ልማድ የሻረው ንጉሥ ወይም ሊቅ ሳይሆን የባቡር ኩባንያ ነው። በሰሜን አሜሪካ የምድር ባቡር ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በኅዳር 1883 አህጉሩን በሰዓት ቀጠናዎች ከፋፈሉት፤ በዓመቱም በዋሽንግተን የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ግሪኒችን የኬንትሮስ መነሻ እንዲሆን መረጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ ነጠላ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች እንዳይጋጩ የሁሉም ጣቢያ ሰዓት እኩል መሆን አለበት። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድም ነጠላ ነበር። በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የፀሐይ ልዩነት 18 ደቂቃ ያህል ነው። ባቡሩ የሁለቱንም ፀሐይ አልተቀበለም፤ የራሱን ሰዓት ይዞ መጣ እንጂ።

ድሬዳዋ የዚህ የአዲሱ ሰዓት የመጀመሪያ ተማሪ ነበረች ማለት ይቻላል። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት የመስመሩ የመጨረሻ ከተማ እርሷ ነበረች። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ካለችው ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ የሚራገፈው በድሬዳዋ ነበር። ከዚያም በግመልና በበቅሎ ወደ ሐረርና ወደ መሐል አገር ይጓዛል። መስመሩ ከተጠናቀቀም በኋላ በቀድሞዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው አንድ ሌሊት በድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት በአዋሽ ያድር ነበር። የድሬዳዋ ሰው እንግዳን ማስተናገድ የለመደው ከዚህ የተነሣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግዳው ማታ ይገባል፤ ጠዋት ይሄዳል፤ ወዲያውም ሌላ ይተካል። እንዲህ ባለ ከተማ ሰውን በአገሩና በዘሩ ለመመርመር ጊዜ የለም። ስሙንና የሚሄድበትን ማወቅ ይበቃል።

የከተማይቱ አቀማመጥም ይህንኑ ይመሰክራል። ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ወዲህ ያለው ከዚራ በባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች የተነደፈ፣ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ዛፎቹም በመስመር የተተከሉበት ሰፈር ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው መጋላ ግን ራሱን በራሱ የሠራ፣ መንገዱ የሚጠማዘዝ፣ ገበያውም ከቤቱ ጋር የተቀላቀለ ነው። በአንደኛው ወገን ፈረንሳይኛ የሚናገር የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ግሪክና አርመን ይኖር ነበር፤ በሌላው ወገን ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌውና የየመን ዐረቡ ተቀላቅለው ይኖሩ ነበር። ለገሃር የሚለው ቃል ራሱ በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ የሚጠራበት ስም ወደ አማርኛ ገብቶ አገሬ ሆኖ የቀረ ነው። ዛሬም በድሬዳዋ አንድ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ቢቀላቅል የሚስቅበት የለም። በዚያ አገር «አንቱ» ማለት እንደማይዘወተር፣ ታላቁም ታናሹም «አንተ» እንደሚባባል፣ «አቦ» የምትለዋ ቃልም የነገር ሁሉ መግቢያና መደምደሚያ እንደሆነች ይነገራል። የደጋ ሰው ይህን ሲሰማ እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። ነገር ግን የባቡር ከተማ የማዕረግ ዝርዝር ይዞ እንደማይቆም ለተገነዘበ ሰው ድፍረት ሳይሆን የሥራ ልማድ ነው።

በደቂቃ የሚታሰብ ጊዜ በገባበት በዚህ ከተማ ሌላም የጊዜ ሕግ አለ፤ እርሱም የሙቀት ሕግ ነው። ከቀትር በኋላ ሱቆች ይዘጋሉ፤ መንገዱ ጭር ይላል፤ ሰው ሁሉ ወደ ጥላና ወደ በርጫው ይገባል። ፀሐይ ዘንበል ስትል ደግሞ ከተማይቱ እንደገና ትከፈትና እስከ ምሽት ትደምቃለች። ስለዚህ ድሬዳዋ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የሚነጋላት ከተማ ነች።

አሁን ወደ ምዕራብ እንሻገር። በጋምቤላ ሰዓትን የሚወስነው ባቡር ሳይሆን ባሮ ነበር። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይን ወደ ላይ ተከትለው፣ በሶባት ታጥፈው፣ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው። ይህም ከሰኔ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ያለው ጊዜ ነው። በነሐሴና በመስከረም ውሃው ከመጠኑ በላይ ይሆናል፤ በኅዳር ይጎድላል፤ በጥርና በየካቲት አሸዋው ይታያል። ውሃው ሳይጎድል ያልወጣ መርከብ እስከ ሚቀጥለው ክረምት ድረስ አሸዋ ላይ ተቀምጦ እንዳይቀር የካፒቴኑ ሥጋት ነበር። በዚህ ምክንያት በባሮ ዳር የውሃ መለኪያ ዘንግ ተተክሎ፣ ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የወንዙ ከፍታ ይነበብ ነበር። ለሙያችን ቅርብ በሆነ አነጋገር፣ የድሬዳዋ ሰዓት በጣቢያው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ የጋምቤላው በውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር ማለት ነው። አንደኛው ደቂቃን ይለካል፤ ሁለተኛው ሳንቲ ሜትርን።

ይህ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ። የጋምቤላ ንግድ ዋና ችግር ግን ሁለት የማይገጣጠሙ ወራት የሚገናኙባት መሆኗ ነው። ከወለጋና ከኢሉባቦር የሚመጣው ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ የበቅሎ ነጋዴ ከጎሬና ከሳዮ ወደ ቆላው መውረድ የሚችለውም ጭቃው ከደረቀ በኋላ በበጋ ነው። በበጋ ግን መርከብ የለም። መርከቡ በሚመጣበት በክረምት ደግሞ የደጋው መንገድ ማጥ ይሆናል፤ ወንዞቹም በቅሎ አያሻግሩም። ስለዚህ ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው ለወራት በጋምቤላ መጋዘን ተከማችቶ ውሃውን ይጠብቃል። በመርከብ የመጣው ጨርቅና ጨው በበኩሉ ጭቃው እስኪደርቅ ይጠብቃል። የጋምቤላ ነጋዴ፣ ግሪክም ይሁን ሶርያዊ፣ ዋና ሙያው መግዛትና መሸጥ ሳይሆን መጠበቅ ነበር። ገንዘቡን በበጋ አውጥቶ ትርፉን በክረምት የሚያይ ሰው በደቂቃ አይጨነቅም። በድሬዳዋ የዘገየ ሰው ባቡር ያመልጠዋል፤ በጋምቤላ የዘገየ ሰው ዓመት ያመልጠዋል።

በወንዙ ዳር ለሚኖሩት ለአኙዋና ለኑዌር ሕዝቦች ግን ይህ የወንዝ ሰዓት በመርከብ የመጣ እንግዳ ነገር አልነበረም። የእንግሊዙ የሥነ ሰብእ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ኑዌር የጊዜ አቆጣጠር የጻፈው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እንደ እርሱ ገለጻ ኑዌሮች ዓመቱን «ቶት» እና «ማይ» ብለው በክረምትና በበጋ ይከፍሉታል። በቶት ከፍ ባለው ቦታ በመንደራቸው ይቀመጣሉ፤ በማይ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ውሃው ዳር ይወርዳሉ። የቀኑን ሰዓት ደግሞ በከብቱ ሥራ ይለዩታል፤ ከብቱ ከበረት ሲወጣ፣ ላሚቱ ስትታለብ፣ ጥጃው ሲመለስ እየተባለ ይቆጠራል። ሊቁ ከዚህ ተነሥቶ ኑዌሮች እንደ አውሮጳውያን የሚባክን ወይም የሚቆጠብ ጊዜ የሚሉት ነገር እንደሌላቸው ጽፏል። ይህን አባባል ያለ ጥንቃቄ መቀበል አይገባም ባይ ነኝ። ከብቱን በጊዜው ወደ ወንዝ ያላወረደ እረኛ ጊዜን ማባከን ምን እንደሆነ ከማንም የባቡር ኃላፊ ይልቅ ያውቀዋል። ይኸው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚያው በጠረፉ አካባቢ የአኙዋ ተዋጊዎችን እየመራ ከኢጣልያኖች ጋር መዋጋቱን እግረ መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ጦርነቱ ከተነሣ ዘንድ፣ ሁለቱ ከተሞች ከጠላት የወጡት በአንድ ወር፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋን የያዘው ከኬንያ ተነሥቶ በሶማልያ በኩል የመጣው ጦር ሲሆን፣ በምዕራቡ ግንባር ደግሞ ከቤልጂግ ኮንጎ የተላከው ጦር ጭምር ተሰልፎ ነበር። የአንድ ጦርነት ማለቂያ በአገሪቱ ሁለት ጫፎች፣ በተለያየ ሠራዊት እጅ፣ በጥቂት ቀናት ልዩነት መታየቱ ያስደንቃል።

ከነጻነት በኋላ ግን ሁለቱም የየራሳቸውን ሰዓት ሰጪ አጡ፤ የጋምቤላው ቀደመ። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የኪራይ ውል መሠረቱ ፈረሰ፤ ጣቢያውም በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የአገር መሬት መመለሱ የሚያስደስት ሆኖ ሳለ፣ ንግዱ ግን አብሮ አልተመለሰም። በደቡብ ሱዳን የተነሣው ጦርነት የወንዙን መንገድ ዘጋው፤ የኢሉባቦር ቡናም በመኪና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ አሰብ ወይም በባቡር በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ መጓዝ ለመደ። ቀድሞ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ዕቃ ፊቱን አዙሮ በእኅቱ ከተማ በር መውጣት ጀመረ ማለት ነው። ጋምቤላ የቀራት ወንዙ ራሱ ነው። ዛሬም ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ሰው ሁሉ ወደ ባሮ ይወርዳል፤ ይታጠባል፤ ይጫወታል፤ ዓሣውን ይገዛል፤ ከማንጎው ጥላ ሥር ያወራል። መርከብ ባይመጣም ከምዕራብ የሚመጣውን መጠበቅ አልቀረም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስደተኛ በዚያው በቀድሞው የመርከብ አቅጣጫ ገብቷል።

ድሬዳዋ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየች። አሮጌው ባቡር እየደከመ ሄዶ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ተቋረጠ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከከተማው ወጣ አድርጎ ሠራ። ስለዚህ ባቡር ለድሬዳዋ ተመልሷል፤ ግን ከከዚራ ዛፎች ሥር ቆሞ ሰውን የሚጠራ አይደለም። ከዚህ ይልቅ ከተማይቱን ያስደነገጠው የራሷ ወንዝ ነው። በአብዛኛው ዓመት አሸዋ ሆኖ የሚኖረው ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ በተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ሞልቶ ሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጋምቤላ ወንዟን በወራት ቆጥራ የምታውቀው ነበር። ድሬዳዋ ግን ባቡሩን በደቂቃ ስትጠብቅ የኖረች ከተማ ሆና ወንዟን በሰዓት እንኳ የሚነግራት አልነበረም። ይህ የቅየሳና የውሃ ልኬት ሙያ ምን ያህል የሰው ሕይወት ጉዳይ እንደሆነ ከማናቸውም ንግግር ይልቅ ያሳያል።

ስለ ሰዓቱ ጉዳይ የተጀመረውን ነገር እንቀጥል። የሁለቱ ከተሞች የ29 ደቂቃ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በጥር ወር አጋማሽ ላይ ግን ትርጉሙ ይታያል። በዚያን ጊዜ በድሬዳዋ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ35 ገደማ ነው፤ በጋምቤላ ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በ2 ሰዓት ትምህርት የሚጀምር የጋምቤላ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ከሆነ ከቤቱ የሚወጣው በጨለማ ነው። በጥቅምት ማለቂያ ደግሞ በድሬዳዋ ፀሐይ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ በጋምቤላ 12 ሰዓት ከ20 ድረስ ትቆያለች። ይህ የወራት መለዋወጥ የመጣው መሬት በፀሐይ ዙሪያ በምትሄድበት ፍጥነትና በአዘነባበሏ ምክንያት ሲሆን፣ ፀሐይ ከሰዓታችን በየካቲት መጀመሪያ እስከ 14 ደቂቃ ስትዘገይ፣ በጥቅምት ማለቂያ እስከ 16 ደቂቃ ትቀድማለች። በቴዎዶላይት ፀሐይን አይተው አቅጣጫ ያወጡ ባልደረቦች ሰንጠረዡን ያስታውሱታል።

ይህን ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚጠብቁት ሃይማኖቶች ናቸው። በድሬዳዋ መስጊዶች የዙህር ጸሎት ሰዓት የሚወሰነው በከተማይቱ ፀሐይ ነው፤ ያንኑ ሰንጠረዥ ወደ ጋምቤላ ወስዶ በረመዳን የሚያፈጥር ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ጾሙን ያፈርሳል። የቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም የጾምን ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ነበር። ጥላ አገሩን አይሳሳትም። ሕጋዊው ሰዓት የሚሻለው አገርን አንድ ለማድረግ ነው፤ ጥላው የሚሻለው ቀኑን ለማወቅ።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ምዕራቡ ሌላ ሰዓት ይኑረው ሊሉ ይችላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ አይጠቅምም። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ሰዓት መኖሩ ለባንክ፣ ለአውሮፕላን፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ሁሉ ጣጣ ነው። መፍትሔው ሰዓቱን መቁረጥ ሳይሆን የሥራውን ሰዓት ማንቀሳቀስ ነው። ትምህርትና ሥራ የሚጀመርበት ጊዜ በየከተማው ፀሐይና ሙቀት ቢወሰን የማንንም አንድነት አይነካም። ሙቀት በበረታባቸው ከተሞች የቀትሩን ዕረፍት ማስረዘም የታወቀ ነገር ነው። የጠዋቱን መነሻ ከኬንትሮስ ጋር ማገናዘብ ግን ገና ያልተለመደ ነው። ይህን ስሌት ለትምህርትና ለአስተዳደር ኃላፊዎች በቀላል ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ማቅረብ የዚህ ማኅበር ሥራ ሊሆን ይገባዋል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያጎላው የጎረቤቶቻችን ውሳኔ ነው። ሱዳን በጥር 1992 ዓ.ም. ሰዓቷን ከእኛ ጋር አስተካክላ ነበር፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ግን ወደ ቀድሞው ተመልሳ ከግሪኒች በ2 ሰዓት ብቻ የምትቀድም ሆነች። ደቡብ ሱዳንም በጥር 2013 ዓ.ም. ተከተለቻት። ከዚያ ወዲህ ባሮ በሚወርድበት በምዕራቡ ወሰን ላይ የአንድ ሰዓት ልዩነት ተፈጥሯል። በወዲህና በወዲያ ያለው ሕዝብ አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ ከብቱን በአንድ ሣር የሚያሰማራ ነው። በጋምቤላ ያለ ነጋዴ በጁባ ላለው ወንድሙ ቀጠሮ ሲሰጥ ቀድሞ በእኛ ሰዓት ላይ ስድስት ይጨምር ነበር፤ አሁን አምስት ይጨምራል። በጋምቤላ 3 ሰዓት ሲሆን በጁባ ከጠዋቱ 8 ይላል። በዚያችው ቅጽበት የጋምቤላ ፀሐይ የምታሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው።